ከድሬ የተደወለው ስልክ

በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በቅዱስ ገብርኤል አማላጅነት ልጄ ዛሬ በሁለት እጁ ይበላል፣ ይጽፋል፣ ብሎን ያጠብቃል። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። አምና በታኅሣሥ፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቤታችን ሥር ባለችው ጋራዥ ውስጥ ልጄ ግራ እጁን ሊያጣ የቀረው የደቂቃ ጉዳይ ነበር። እንዴት እንደተረፈ ልንገራችሁ።

መኪናዋ የ1969 ሼቭሮሌት ካማሮ ናት። አሜሪካኖች መስል ካር የሚሏቸው ዓይነት፣ ባለ ሁለት በር፣ ትልቅ ቪ8 ሞተር ያላት። ሼቭሮሌት ካማሮን በ1966 ያወጣት የፎርድ ሙስታንግን ገበያ ለመሻማት ነበር። የእኛዋ ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ናት፤ በሊትር ሲቆጠር 5.7 ማለት ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት ሲያርፉ ባለቤታቸው ሸጡልን። ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። ከልጄ ጋር አወረድነው። ማሽን ሾፕ ተልኮ ሲሊንደሮቹ ተስፋፉ፣ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ተስተካከለ፣ አዲስ ፒስተንና የፒስተን ፋሻ ገባለት፣ ቴስታታዎቹ (የሲሊንደሮቹ ክዳኖች) ታደሱ። ከዚያ እቤት ገጣጠምነውና ቀለም ቀባነው። የቀረው መልሶ መግጠም ብቻ ነበር።

የመኪና ፍቅሬ ከአገር ቤት የመጣ ነው። የድሬ ልጅ ነኝ። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በፈረንጆች 1902 እዚያ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የባቡሩ ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ የሰፈሩን ፔጆ 404 ሁሉ በነፃ ይጠግናል። ብረት ሲነሣና ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግሁት። አባቴ ሁሌ የሚላት ነገር ነበረች፦ «የተንጠለጠለ ብረት ጌታ የለውም።» ልጄንም ገና ብሎን መፍታት ሲጀምር ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

ስለ ልጄ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የስለት ልጅ ነው። እኔና ባለቤቴ ልጅ አጥተን ብዙ ቆይተናል። እናቴ ቁልቢ ወጥታ ተሳለችልን። ቁልቢን የማያውቅ ካለ፣ ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ከድሉ በኋላ ያሠሩት የቅዱስ ገብርኤል ደብር ነው። ታኅሣሥ 19 ሲነግሥ ሰው ከየአገሩ ስለቱን ተሸክሞ ይጎርፋል። እናቴ በተሳለች በዓመቱ ይሄ ልጅ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ወስደን ስለቷን አገባን። ከዚያ ወዲህ እናቴ ልጁን የእኔ ብላ ጠርታው አታውቅም። «የገብርኤል ነው፤ እናንተ ጠባቂዎች ናችሁ» ትላለች።

ወደ ቀኑ ልመለስ። የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ቅዳሜ ነው። የሞተር ማንሻ ክሬኑን ጠዋት ተከራይተን አመጣን። ባለ 2 ቶን የሚባለው፣ እንደ ልብ የሚንከባለለው ዓይነት ነው። የእንዲህ ዓይነት ክሬን ክንዱ በረዘመ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ሲወጣ ግማሽ ቶን ብቻ ነው የሚችለው። የእኛ ሞተር ወደ 260 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሰፊ ትርፍ ነበረን። ሰንሰለቱን፣ መንጠቆውን፣ ሰንሰለቱ የታሰረባቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ በእጄ እየነካሁ አየሁ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። እኔ በልቤ አንዲት ቃል ጨመርኩ፦ «ገብርኤል፣ ልጁን አንተ ነህ ያሰጠኸን፤ አደራህን።»

ሞተር ማውጣት ቀላል ነው። ፈተናው ማስገባቱ ነው። ካምቢዮው መኪናው ላይ ቀርቶ ሞተሩን ብቻ ስታስገባ ሁለቱ ፊት ለፊት መጋጠም አለባቸው። ሞተሩ ጀርባ ላይ ሁለት መሪ ፒኖች አሉ፤ ካምቢዮው ላይ ያሉ ቀዳዳዎቻቸውን ማግኘት አለባቸው። መካከል ላይ ደግሞ የሞተሩን ዙር ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር አለ። እሱ ወደ ካምቢዮው እስከ መጨረሻው ካልገባና ሞተሩን በብሎን በግድ ከሳብከው፣ የካምቢዮውን ፓምፕ ይሰብራል። ስለዚህ ይሄ ሥራ በጉልበት አይሆንም። አንዱ ክሬኑን በፀጉር ስፋት ያወርዳል፤ ሌላው በጎን ጎንበስ ብሎ፣ መብራት አስገብቶ ክፍተቱን ያያል። ከላይ ሆኖ አይታይም።

ክሬኑ ላይ እኔ ነበርኩ። ልጄ በግራ በኩል ጎማ ሽፋኑ ላይ ተደግፎ፣ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ የእጅ ባትሪ ይዟል። «ትንሽ አውርድ፣ አባዬ። ቁም። ወደኔ ግፋው።» ሞተሩና ካምቢዮው መካከል የቀረው ሁለት ጣት የማይሞላ ክፍተት ነው። አንደኛው ፒን ቀዳዳውን ይዟል። ሁለተኛው ቀርቷል።

በዚህ መካከል ባለቤቴ ከቤት በኩል በሩን ከፈተች። ስልክ ይዛለች።

«እማማ ናት። ልጁን ነው የምትፈልገው።»

«ሥራ ላይ ነን፣ በኋላ ይደውልላታል በያት» አልኩ።

«ነግሬያታለሁ። አሁን ድምፁን ካልሰማሁ አልዘጋም ብላለች።»

እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ድሬ ከምሽቱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። እናቴ በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም። እሷ በጊዜ ተኝታ ለኪዳን የምትነሣ ሰው ናት። የታመመ ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ሂድ፣ አናግራት» አልኩት። ልጄ ባትሪውን እዚያው ክፍተቱ ውስጥ እንደበራ አስቀመጠና እጁን አወጣ። ጓንቱን እያወለቀ ወደ በሩ ሄደ። «ሃሎ፣ እማማ» ሲል ሰምቻለሁ።

ቀጥሎ የሰማሁት የብረት ድምፅ ነው። ጧ! ክሬኑ ወደ ላይ ዘለለ። ሞተሩ ወረደ።

ብዙ አልወረደም። አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ግን 260 ኪሎ ስንዝር ሲወድቅ ቤቱ ይናወጣል። ከሥር ያለው የዘይት ኮፓ መስቀለኛው ብረት ላይ አርፎ ተጨረማመተ። የሞተሩ ጀርባ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ካምቢዮው ላይ ተጣበቀ። የካምቢዮው አንድ ጆሮ ተሰበረ። ያ ሁለት ጣት የማይሞላ ክፍተት የለም፤ ተዘግቷል።

ቆሜ ቀረሁ። ልጄ ስልኩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ደም የለውም። ስልኩ ውስጥ እናቴ ትጮሃለች፦ «ምንድን ነው የወደቀው? ምን ሆናችሁ? ልጁስ?» ልጄ መልስ መስጠት አቃተው። ስልኩን ተቀበልኩትና «ደኅና ነው፣ እማዬ፤ ደኅና ነው፤ አጠገቤ ነው» አልኳት። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሞተሩን በክሪክና በእንጨት ደግፈን ከፈትነው። ባትሪውን ያወጣነው ያኔ ነው። ወፍራም፣ የአሉሚኒየም ባትሪ ነበር። እንደ ቂጣ ጠፍጥፏል። መስታወቱ ዱቄት ሆኗል። ልጄ እጁ ላይ አስቀምጦ ረጅም ሰዓት አየው። የነበረበትን ቦታ እሱ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ጣቶቹ የነበሩት እዚያ ነው።

የተለቀቀው ክንዱ ጫፍ ላይ መንጠቆው የተበየደበት ቦታ ነበር። ግማሹ ብየዳ ውስጡ ዝጓል፤ ስንጥቁ የቆየ ነው። ከላይ ቀለም ተቀብቶበታል። ቀለም ሥር ያለ ስንጥቅ በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ያከራየን ሱቅ ክሬኑን ከሥራ አስወጣው። በዚያ በኩል ያለው ነገር በዚሁ አለቀ።

ማታ እናቴን መልሼ ደወልኩላት። ለምን እንደደወለች ጠየቅኳት። ሕልም አላየችም። ድምፅ አልሰማችም። «ተኝቼ ነበር። ነቃሁ። ልቤ ልጁን ልጁን አለኝ። ተነሥቼ ጸሎት ልጀምር አልኩ፣ አልሆነልኝም። ድምፁን ካልሰማሁ አልተኛም አልኩ። ሌላ የማውቀው የለም» አለችኝ። ይህንኑ ብቻ ነው ያለችው፤ ምንም አልጨመረችበትም። ስለዚህም ይበልጥ አምናታለሁ።

አጋጣሚ ነው ያሉኝ ሰዎች አሉ። ጓደኞቼ ናቸው፣ አልቀየምኳቸውም። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምናገረው። ጠዋት አደራ ብዬ ነበር። አደራ ያልኩት ልጅ፣ በዚያ ሰዓት ደውላ በማታውቅ አሮጊት ስልክ፣ ከዚያች ክፍተት ውስጥ ወጣ። እሷ «በኋላ» ስትባል እሺ ብትል ኖሮ፣ ወይም ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራ በሩን ብትዘጋው ኖሮ፣ እጁ እዚያው ነበር። ሁለቱም አላደረጉትም። እኔ ራሴ እምቢ ብዬ ነበር፤ እምቢታዬ አልጸናም። ይሄን ሁሉ ማን አቀናጀው? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መጣ። ልጄ ጋራዡን ፈራ። ዕቃ ለማምጣት እንኳ አይወርድም። ሌሊት እየባነነ ይነሣል። እኔ መኪናዋን ልሽጣት ብዬ ነበር። ባለቤቴ «ተው፣ ፍርሃቱን ይዞ እንዲቀር አታድርገው» አለች። ጸበል ወሰድነው። እናቴ በየቀኑ ትደውልለት ጀመር። አማርኛው ብዙም አይደለም፤ ቢሆንም ይግባባሉ። አንድ ቀን «የኔ ጌታ፣ እጅህን የጠበቀልህ ልትሠራበት ነው» አለችው። በሳምንቱ ራሱ ወርዶ የጋራዡን መብራት አበራ። እኔ አልጠራሁትም።

ሥራውን የጨረስነው በአንድ የደብራችን ወንድም ክሬን ነው። የራሱ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ያደገ። ካምቢዮውን ቀየርን፣ ኮፓውን ቀየርን። ኮሎው እንዳልተጎዳ እንደ ሰዓት መርፌ ባለው መለኪያ አረጋገጥን። አልተጎዳም፤ ለዚህም ተመስገን። በዚህኛው ቀን ሁለቱ ፒኖች አንድ ላይ ገቡ። ልጄ እያየ ነበር፤ እጁ ግን ውጭ ነው፤ መብራቱን በረጅም ሽቦ አስረን አስገባነው።

የታደሰ ሞተር ዝም ብሎ አይነሣም። መጀመሪያ ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) አውጥተን፣ ረጅም ዘንግ በድሪል እያዞርን የዘይት ፓምፑን አሠራነው። ዘይቱ ቫልቮቹ ጋ እስኪወጣ ጠበቅን። ልጄ በየቫልቩ ላይ ሲያየው በጣቱ ይቆጥር ነበር። ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበትን ተራ በቃሉ ይዞታል፦ 1፣ 8፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 7፣ 2። የካንዴላውን ሽቦ ሁሉ እሱ ነው የገጠመው። አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ስለገባለት፣ ሞተሩ በተነሣበት ቅጽበት በደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ያለ ዕረፍት መሥራት አለበት። በዝግታ ከተተወ ካምሻፍቱ ይበላል። ስለዚህ አንዴ ከተነሣ መመለስ የለም።

«በስመ አብ» ብሎ ቁልፉን ያዞረው ልጄ ነው። ወዲያው ተነሣ። የዘይት ጌጁ ወጣ። ዓይኑን ከጌጁ ላይ ሳይነቅል ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ነዳጁን ረግጦ ያዘ። ድምፁ ሰፈሩን አናወጠው። ባለቤቴ በሩን ከፍታ እልልታዋን አቀለጠችው። ፈረንጅ ጎረቤቶቻችን ሠርግ ያለን መስሏቸው ወጡ። መኪናዋን የሸጡልን ሴትዮም መጡ፤ የባላቸው መኪና ስትጮህ ሰምተው አለቀሱ።

ዘንድሮ ለታኅሣሥ 19 ሁላችንም አገር ቤት ሄድን። እናቴን በመኪና ይዘናት ወጣን። ልጄ ግን ከአጎቱ ልጆች ጋር የደንገጎን ዳገት በእግሩ ነው የወጣው። የተሳልነው ጥላ ነበር፤ እሱ ተሸክሞ አስገባው። ያን የተጠፈጠፈ ባትሪም ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር። ለእናቴ ሰጣት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ቅጥር ግቢው ውስጥ ለምታገኘው ሰው ሁሉ እየፈታች ታሳይ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ጽፌ እንድመሰክር ያዘዘችኝ እሷ ናት። ስትሳል «ልጄ በሰው ፊት ይናገራል» ብላ አብራ ተስላለች ለካ። የእኔ ድርሻ ይህ ነው፤ አድርሻለሁ። ስሙ ይክበር ይመስገን።