ኬኩ ሊቆረስ ሲል አምፑ ዝም አለ

የእህቴ ልጅ ልደት ነበር። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል፣ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ የሠራሁትን አምፕ፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ፣ ይዤ ጉራዬን እየነዛሁ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተጨፈረ፣ ልክ ኬኩ ሊቆረስ ሲል፣ ድምፁ ጥፍት አለ። ፍላሹን ነቅዬ ሰካሁት፣ ገመዱን ነቀነቅኩት፣ ስታኞው ለቆ ነው ብዬ ማልኩ። ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይነካው ራሱ መዝፈን ጀመረ። ከዚያ እንደገና ጠፋ። ነገሩ የገባኝ ክዳኑን ከፍቼ ቺፑን ስነካው ነው። ጣቴ ላይ የቀረው ቀይ ምልክት ሳምንት ቆየ።

ድምፁን የሚያጎሉት ቺፖች ሁለት ቲዲኤ 2030 ናቸው፣ ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ። ይሄ ቺፕ ውስጡ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ዝም ያሰኛል፣ ሲበርድለት ይመለሳል። የተበላሸ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው።

ማቀዝቀዣ ብዬ ያሰርኩለት መዳፍ የምታክል ስስ ላሜራ ነበረች። ድምፁን እስከ ጥግ ስለማልከፍተው ትበቃዋለች ብዬ። አልሰራም! እንደኔው ያለ፣ ክላስ ኤቢ የሚባለው የአምፕ ዓይነት ከሁሉ በላይ የሚግለው ጥግ ሲደርስ ሳይሆን ከሙሉ ጉልበቱ 40 በመቶ ገደማ ሲሰጥ ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ጠቅላላ ቮልቱን በራሱ ታባዛለህ፣ መጀመሪያ ለ20፣ ቀጥሎ ለስፒከሩ ኦም (ጀርባው ላይ ለተጻፈው የመቋቋም መጠን) ታካፍላለህ። የኔ ፕላስ 16 እና ማይነስ 16፣ በድምሩ 32 ቮልት ነው። በ4 ኦም ስፒከር ከየቺፑ እስከ 13 ዋት ሙቀት ይወጣል፣ በ8 ኦም ግን ግማሹ። ስለዚህ ብረት ከመግዛቴ በፊት ስፒከሮቹን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በ8 ኦም ተቀያየርኩ። ጩኸቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ጎረቤትም አልተከፋ።

ከዚያ ምናለሽ ተራ ወርጄ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ፣ ክንፍ ክንፍ ያለው ወፍራም አሉሚኒየም አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ሁለቱንም ቺፕ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩበት፣ እሱን ደግሞ ከብረት ሳጥኑ ጋር። ማብሪያውን ስጫነው ፊውዙ ጧ! ለካ የቺፑ የጀርባ ብረት ከማይነስ 16ቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ነው፣ ሲነካኩ ሾርት። በመሃል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ የሚካ ወረቀት፣ ብሎኑ ላይም የፕላስቲክ ቀለበት ያስፈልጋል። አሁን መብራት ከመሰካቴ በፊት በቴስተር አየዋለሁ፣ ቺፑና አሉሚኒየሙ መሃል ጲጵ ካለ ተነካክተዋል ማለት ነው፣ እንደገና እፈታዋለሁ።

ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱንም፣ መጀመሪያ እንደ ማርማላታ ነው የለቀለቅኩት። ፔስት ሥራው በሁለቱ ብረቶች መሃል የምትቀረውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው፣ ሲበዛ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ጠርጌ በሚካው በሁለቱም ፊት ስስ አድርጌ ቀባሁት፣ ብሎኑን ጠበቅ አደረግኩ። አሉሚኒየሙ ቶሎ መሞቅ ጀመረ። ይሄ ያስደነግጣል፣ ግን ጥሩ ምልክት ነው፤ ብረቱ በርዶ ቺፑ የሚፋጅ ከሆነ ነው መጨነቅ።

የቀረው አየሩ ነበር። ክንፎቹን አግድም ነበር የገጠምኳቸው፣ ሳጥኑም ቀዳዳ የሌለው ድፍን ነው። ክንፎቹን ሽቅብ አዞርኳቸው፣ ከታችና ከላይ በድሪል ቀዳዳ በሳሁ፣ የሞቀው ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች እንዲገባ። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አገር ጋር ሲተያይ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ያን ያህል ሙቀት አይሸከምም። ብረት ስትመርጥ ከሒሳቡ ከፍ አድርግ። ፋን ብዙ ሰው ይመክራል። እኔ ሙዚቃ መሃል እዝዝዝ የሚል ነገር አልፈልግም፣ ተውኩት።

ሁለት ሰዓት አጫወትኩት፣ አልጠፋም። በሳምንቱ ግን ጠፋ! ሳየው እማዬ ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች። «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው» አለችኝ። ስለ ቀዳዳው አስረዳኋት፣ ገባት፣ አነሳችው። ማታ ስመለስ ዳንቴሉ ከላይ የለም፣ ከሥር ተነጥፏል። የታችኛው ቀዳዳ ድፍን። አሁን አምፑ በአራት የሃይላንድ ክዳን ላይ ቆሟል፣ ዳንቴሉም እዚያው ከሥሩ አለ።