በዝናብ የኮከብ ጥናት

ዛሬ አራት ኪሎ ዶፉን ሲያወርደው ካፌ ቁጭ ብዬ ፕልያዴስ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ፣ ሰባቱን ከዋክብት ማለቴ ነው፣ ሳጠና ዋልኩ። በላፕቶፕ ነዋ! እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖች አሉን፣ ግን በክረምት ደመና ማን ምን ያያል?

የኮከቦችን ቦታና ርቀት የለካው የጋያ ሳተላይት መረጃ ለማንም ክፍት ነው። በ2022 የወጣው ሦስተኛው ዝርዝር 1.8 ቢሊዮን ገደማ ኮከቦችን ይዟል። ሁሉንም ማውረድ የለብህም፤ ቶፕካት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተህ የሰማዩን ቦታ ትነግረዋለህ፣ አጭር ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ የምትፈልገውን ብቻ ቆርጦ ይልክልሃል። የካፌው ዋይፋይ እንኳ ቻለው፣ እግዜር ይስጠው።

ከዛ ፓራላክሳቸው (ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ ቦታ የቀየረ የሚመስልባት፣ ርቀቱን የምትነግረን ጥቃቅን ማዕዘን) 7.4 ሚሊ አርክሰከንድ አካባቢ የሆኑትንና አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዙትን ለየሁ። ቀለማቸውን ከድምቀታቸው ጋር በግራፍ ሳስቀምጠው ክላስ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ብቻ የማውቀው መስመር፣ ሰማያዊዎቹ ደማቅ ቀዮቹ ደብዛዛ የሚሆኑበት፣ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በደስታ ልጮህ ነበር። ርቀታቸው ወደ 440 የብርሃን ዓመት ነው። የቀድሞው ሳተላይት ሂፓርኮስ 390 ገደማ ብሎ ሳይንቲስቶቹን ለዓመታት አጨቃጭቋል፣ አሁን ማንም ተማሪ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ራሱ ያጣራዋል።

ፊዚክስ የምትማሩ፣ ቶፕካት ጃቫ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃል። ትእዛዙን የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ።