ክረምት ሳይገባ ቤትና ግቢን ማሰናዳት፦ ከጣሪያ ወደ ታች

የምንኖርበት ቤት ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የሚገኝ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የቆየ የቤተሰብ ቤት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያፈርሰው ዕድሜው ሳይሆን መውጫ ያጣ ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ፣ ዘንድሮ የእድሳቱ ሥራ በሙሉ ግንቦት ውስጥ እንዲያልቅ አደረግሁ። ሰኔ ከገባ በኋላ ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተለሰነ ጭቃም አይደርቅም።

ብዙ ሰው ለቤት እድሳት ያስቀመጠውን ገንዘብ መጀመሪያ ለቀለም ያውለዋል። እኔ ግን ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ግድግዳው ቢቀባ ትርፉ ድካም ነው ብዬ ስለማምን ከላይ ጀመርኩ። ፀሐይ አናት ላይ በሆነች ሰዓት ኮርኒሱ ውስጥ ገብቼ ባትሪዬን አጠፋሁ፤ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከየሚስማሩ ሥር የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ የብርሃን ነጥቦች ታዩኝ። በእያንዳንዱ ነጥብ ቀጭን ሽቦ ከውስጥ ወደ ውጭ ስሰድድ፣ ጣሪያው ላይ ያለው አናጢ የሽቦውን ጫፍ እያየ ምልክት ያደርግ ነበር። ይህን ያደረግነው ኮርኒስ ላይ የሚታየው ቡናማ እድፍ ብዙውን ጊዜ ከቀዳዳው ትክክል ሥር ስለማይገኝ ነው፤ በቀዳዳው የገባው ውኃ የጣሪያውን እንጨት ይዞ ቁልቁል ከሄደ በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ይንጠባጠባል።

ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ በዚህ ምልልስ ሚስማሩ ከዓመት ዓመት እየላላ ይሄዳል። አናጢው «ጋሼ፣ የላላ ሚስማር ደግሞ ቢመቱት አይይዝም፤ ባለ ጎማ ቪቲ፣ ተጠምዝዞ የሚገባውን፣ እናድርግበት» አለኝ፤ እንደተባለውም አደረግን። የዛጉትን ቦታዎች በሽቦ ብሩሽ ፍቀን፣ በደንብ ከደረቁ በኋላ ሬንጅ ቀባናቸው። ሬንጅ እርጥብ ወይም ዝገት ያለበት ቆርቆሮ ላይ ከተቀባ ወዲያው ይላቀቃል። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው መርገጥ ያለበት የሚስማሩን መስመር ተከትሎ፣ ከሥሩ እንጨት ባለበት ቦታ ነው።

አሸንዳው ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ስድስት በርሜል ውኃ፣ በአሸንዳው በኩል መውረድ አለበት። የጽድ ቅጠሉንና የወፍ ጎጆውን ጠርገን ካወጣን በኋላ በአንደኛው ጫፍ ውኃ በጀሪካን ስናፈስስ መሐል ላይ ተኛ፤ ማቀፊያዎቹን እያነሳን ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል አስተካከልነው። የከተማችን በረዶ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አሸንዳውን ሞልቶ መውረጃውን ሲደፍነው፣ ውኃው በቤቱ በኩል ያለውን የአሸንዳውን ከንፈር ተሻግሮ ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ለዚህ መፍትሔው የአሸንዳው የውጭ ከንፈር ከውስጠኛው ዝቅ እንዲል ማድረግ ነው፤ ሲሞላ ወደ ውጭ ይፈስሳል።

ግድግዳው የተጎዳው ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ክፍል፣ የጣሪያው ጠብታ መሬት መትቶ በሚረጭበት ነው። ጭድ የገባበትን ጭቃ ለቀናት አስቦክተን ለሰንነው፤ ከደረቀ በኋላ ኖራ ቀባነው። በሲሚንቶ እንድንለስነው የመከሩን ነበሩ። ይሁን እንጂ ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር ስለማይዋሃድ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባውም ውኃ መውጫ አጥቶ የውስጡን እንጨት ያበሰብሳል።

በግቢው ውስጥ በዓመታት ጥርጊያና በአበባ መደብ ምክንያት አፈሩ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎት ነበር። ቆርጠን አውጥተን፣ መሬቱ ከግድግዳው በራቀ ቁጥር በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየወረደ ወደ ዲቹ፣ ማለትም ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ፣ እንዲያዘነብል አደረግን። የዝናብ ውኃን ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ መልቀቅ ግን ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ሰፈር እንዲገነፍል ስለሚያደርግ በፍጹም አይገባም፤ ጉድጓዱንም ቀደም ብለን አስመጠጥነው።

ከበሩ ውጭ ያለውን ዲች ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ጠረግን። ከውስጡ የወጣው አብዛኛው የሃይላንድ ላስቲክና ፌስታል ነበር። ጭቃውን በማዳበሪያ ሞልተን የዚያኑ ዕለት አስወሰድነው፤ ዳር ላይ ከተተወ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ዲቹ ከላይ እስከ ታች ካልተጠረገ ደግሞ ውኃው ከሁላችን ዝቅ ብለው በሚኖሩት እናት ግቢ ውስጥ ስለሚተኛ፣ ሥራውን ከእሳቸው በር ጀመርን። አሁን የቀረኝ በረዶ በጣለ ቁጥር መሰላል አቁሞ የአሸንዳውን መውረጃ ማየትና የረገፈውን ቅጠል ማንሳት ነው።