ወተቱ ይሆን?

ዛሬ ልጄን ይዤ ሐኪም ጋ ነበርኩ። ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ያስቀምጠዋል። አያቱ "ጥርስ ሊያወጣ ነው" ይላሉ። ጥርሱን አውጥቶ ጨርሶ የለም እንዴ! ጎረቤቴ ደግሞ "ዓይን ነው" ባይ ናት።

ሐኪሟ ምርመራ ለማዘዝ አልተጣደፈችም። ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ሆዱን መቼ አመመው ብላ ጠየቀችኝ። ደግነቱ የምጽፍበትን ደብተር ይዤ ነበር። ሽሮ ፈሶበታል፣ ግን ይነበባል። አገላበጠችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች፦ በወተት የተሠራ አጥሚት፣ ማታ ቁርጠት። እርጎ የበላ ቀን ግን ሰላም ነው። ወተት ሲረጋ ላክቶስ የሚባለው ስኳሩ ይቀንሳል አለችኝ። ባለፈው የያዘው ተቅማጥ አንጀቱን ጎድቶት ይህን ስኳር መፍጨት አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ለ2 ሳምንት ወተት ብቻ እናቆማለን፣ ከዚያ በጥቂቱ መልሰን እናያለን። እንቁላሉንም ስንዴውንም አብሮ መከልከል የለም። ታዲያ ልጁ ምን ይብላ? ከንፈሩ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን አለርጂ ሊሆን ይችላልና ቤት ውስጥ አይሞከርም። ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

አሁን የቀረኝ አያቱን ማሳመን ነው። "ያለ ወተት ልጅ ያድጋል?" ብለው ተቆጥተዋል።