የሞተሬን መቀመጫ ሁለት ጊዜ ቀባሁት

የሞተሬ መቀመጫ ድሮ ጥቁር ነበር። ፀሐይ ላይ ሲቆም ከርሞ አመድ መሰለ። ጠርዙ ነጣ ነጣ ብሏል፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ደግሞ በሱሪ ታሽቶ ታሽቶ ስም የሌለው ቀለም ይዟል። አዲስ ልብስ ማሰፋቱ እንደሚሻል ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ልብሱ አልተቀደደም፣ ስፌቱም ጤነኛ ነው። ጤና ያጣው ኪሴ ነበር። ስለዚህ ራሴው ልቀባው ብዬ ተነሳሁ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። የብረት በር ከቀባሁበት የተረፈ ጥቁር ስፕሬይ ቤት ውስጥ ነበረኝ። ጥቁር ያው ጥቁር ነው አልኩ። መቀመጫውን እንኳ ሳልፈታ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት፣ ታንከሩን በጋዜጣ ሸፈንኩና ነፋሁበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ መሰለ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ልኬያለሁ፣ እሱ ነው አሁን የሚያሳፍረኝ።

በአራተኛው ቀን ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ታዩኝ። በሳምንቱ መስመሮቹ ቅርፊት ሆነው መርገፍ ጀመሩ። የባሰው ግን ሞተሩ ፀሐይ ላይ ቆሞ የተቀመጥኩበት ቀን መጣ። ቀለሙ ልጥፍ ልጥፍ ይላል። ስነሳ ግራጫ ሱሪዬ ላይ ትልቅ ጥቁር ማኅተም ታትሞበታል።

ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የመቀመጫው ልብስ ቪኒል ነው። ቪኒል ማለት ፒቪሲ ነው፣ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ያው ፕላስቲክ። ብቻውን ድርቅ ያለ ነገር ስለሆነ እንደ ቆዳ እንዲተጣጠፍ ዘይት መሰል ማለስለሻ ይጨመርበታል። ይህ ማለስለሻ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ከጊዜ ብዛት፣ በተለይ ሲሞቅ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የማይሆን ቀለም ላዩ ላይ ካገኘ ያንንም ያለሰልሰዋል፣ ሱሪዬን የበላው ይህ ነው። ስንጥቁ ሌላ ጉዳይ ነው። ብረት ስለማይተጣጠፍ የብረት ቀለም ጠንክሮ ቢደርቅ ችግር የለውም። መቀመጫ ላይ ግን ሰው በተቀመጠ ቁጥር ስፖንጁ ይሰምጣል፣ ልብሱ ይለጠጣል፣ ቀለሙ አብሮ መለጠጥ አቅቶት ይሰነጠቃል።

ማስለቀቁ ከመቀባቱ አሥር እጥፍ ከበደኝ። ቸኩዬ ቲነር በጨርቅ ነክሬ ፈገፈግኩት። ቀለሙ ለቀቀ፣ ግን ቪኒሉም አብሮ መሟሟት ጀመረ። መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ እንደ ቆዳ የሚያስመስለው ሽብሽብ ጠፍቶ ልሙጥ ሆኖ ቀረ። አሴቶንም እንደዚያው ያደርጋል፣ አትሞክሩት። ከዚያ በኋላ በትዕግሥት ሄድኩ። የላላውን ቅርፊት በፕላስተር እየለጠፍኩ መንጨት፣ የቀረውን በአልኮልና ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ማሸት። ሁለት የእረፍት ቀኖቼ በዚህ አለቁ።

ሁለተኛውን ዙር እንደ ሰው ጀመርኩት። መቀመጫውን ፈታሁ። የእኔ በቁልፍ ይከፈትና ከሥሩ ሁለት ቡሎን አለው፣ በ10 ቁልፍ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሳይፈቱ መቀባት ይቻላል የሚል ሰው ካለ ጎኑንና የታችኛውን ጠርዝ እንዴት እንደሚያዳርስ ያሳየኝ።

አጠባው ላይ ነው ጊዜዬን ያጠፋሁት፣ አሁንም ብቀባ እዚያው ላይ ነው የማጠፋው። በለብታ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ንጹህ ነው ብዬ ከማስበው መቀመጫ የወጣውን ውሃ ብታዩት! ሽብሽቡ ውስጥና ስፌቱ ሥር የላብና የአቧራ ጭቃ ነው ያለው። ግን ውሃ አታፍስሱበት። የስፌት ቀዳዳው ውሃውን ወደ ስፖንጁ ያስገባዋል፣ ስፖንጁም አስቀምጦ ስትቀመጡበት ይመልስላችኋል። እኔ ለማንኛውም ብዬ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየሁት። ሲደርቅ በአልኮል በነከርኩት ነጭ ጨርቅ ወለወልኩት።

ከዚያ ለሙከራ ብዬ ለዚህ ዙር ከገዛሁት ስፕሬይ ማንም የማያየው የታችኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ነፋሁ። ቀለሙ ሸሸ። ክብ ክብ እየሠራ፣ ልክ የዘይት ጠብታ እንደነካው። ያን ሙከራ ባልሠራ ኖሮ ለሁለተኛ ጊዜ አልቆልኝ ነበር። ጥፋተኛው እኔው ነኝ። መቀመጫውን ለዓመታት በዳሽቦርድ ማብረቂያ ስወለውለው ኖሬያለሁ፣ ማብረቂያው ደግሞ ሲሊኮን አለበት፣ ሲሊኮን ባለበት ቀለም አይይዝም። ጨርቅ እየቀየርኩ እንደገና ሁለት ዙር በአልኮል ሄድኩበት። ጨርቁን መቀየር ግድ ነው፣ አለዚያ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። ከዚያ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ። መጀመሪያ ላይ አልይዝ ብሎ ይወድቅ የነበረው አሁን ጥብቅ አለ። ፕላስተር የማይዝበት ቦታ ቀለምም አይይዝም።

ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች ነበሩት። ለቪኒል የሚሆን፣ ደርቆም የሚለጠጥ መሙያ ሞላሁባቸውና በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አስተካከልኳቸው። እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ማጣበቂያ እዚህ አይሆንም፣ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። አፉን የከፈተ ቅዳድ ካለ ደግሞ ቀለም አይሸፍነውም፣ እሱ የልብስ ሰፊ ሥራ ነው።

ቀለሙን በዚህኛው ዙር ለቪኒል የተሠራ ስፕሬይ ገዛሁ፣ የማያብረቀርቀውን። የሚያብረቀርቀው ያምራል፣ ግን ያንሸራትታል። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ታንከሩ ላይ መውጣት አልፈልግም። ነጩን የጠርዝ ጌጥ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ፣ ጭንብል አጠለቅኩ፣ ነፋስ በማይበዛበት ደጅ ላይ አስቀመጥኩት። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ያህል ነቀነቅኩ። ከ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት፣ መጫኑን ከመቀመጫው ውጭ ጀምሮ ውጭ እየጨረሱ፣ እጅን ሳያቆሙ መሄድ ነው። የመጀመሪያው እጅ ቀለም በጣም ስስ መሆን አለበት፣ አሮጌው ቀለም ከሥሩ እየታየ ነው የሚቆመው። ጭንቅ ነው። ጣት አንድ ጊዜ ልድገመው ልድገመው ይላል። በየመሀሉ አሥር ደቂቃ እየጠበቅኩ አራት እጅ ቀባሁት፣ ስፌቱን በግራም በቀኝም በኩል።

ሦስተኛው እጅ ላይ ስግብግብነቴ አሸነፈኝና ስፌቱ አጠገብ ቀለሙ ወረደ። ደንግጬ በጣቴ ጠረግኩት። ጥሩ አላደረግኩም፣ የአንድ ሳንቲም ስፋት የነበረው ጥፋት የእጄን ስፋት አከለ። ሲደርቅ ፈግፍጌ በላዩ ደገምኩት። ማድረግ የነበረብኝ መጀመሪያውኑ እንዲደርቅ መተው ነበር። አንዲት ዝንብም አረፈችበት፣ እሷን ግን ተውኳት፣ ስትደርቅ በጥፍር ተነሳች።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲነካ ደረቅ ነው። አላመንኩትም፣ የድሮው ሱሪ ትዝ አለኝ። ሳምንት ሙሉ ሳልቀመጥበት ቆየሁና በነጭ ጨርቅ ጫን አድርጌ አሸሁት። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ወጪዬ አንድ ጣሳ ቀለም፣ አልኮል፣ መሙያ፣ ፕላስተርና ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሱሪውን አልቆጥርም።

አሁን ስምንት ወር ሆነው። ጭኔ ታንከሩ አጠገብ የሚታሽበት ቦታ ላይ ትንሽ ግራጫ ብቅ ብሎ ነበር። ከተረፈው ስፕሬይ ክዳን ላይ ትንሽ ነፍቼ በስፖንጅ ነካ ነካ አደረግኩት፣ ጠፋ። የቲነሩ ጠባሳ ግን ከቀለሙ ሥር እንዳለ ነው፣ ብርሃን በጎን ሲመታው ልሙጥነቱ ያስታውቃል። ደግነቱ ኋላ ላይ ነው። ሰው ሳፈናጥጥ አይታይም።