ጓሮ ያልደረሰው ዋይፋይ

በስደት በኖርኩባቸው ዓመታት ከእናቴ ጋር የማደርገው የቪዲዮ ጥሪ ሁልጊዜ የሚቋረጠው አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ ከሳሎን ተነስታ ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ስታመራ ገና ደፉን እንዳለፈች ፊቷ እንደ ፎቶግራፍ ደርቆ ይቀራል። እሷ ደግሞ ቀኑን የምትውለው እዚያው ነው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ክረምት ደሴ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት የሜሽ ዋይፋይ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ሞገዱን እርስ በርስ እየተቀባበሉ ቤቱን ሁሉ የሚያዳርሱ ናቸው።

ቨርጂንያ ካለው ቤቴ እነዚሁ መሣሪያዎች ያለ እንከን ይሠሩ ስለነበር የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። የዘነጋሁት፣ የዚያኛው ቤት የውስጥ ግድግዳ በእንጨት ላይ የተመታ ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ሲሆን፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለው የአባቴ ቤት ግን በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ ማድ ቤቱም ከጣሪያ እስከ ግድግዳው ቆርቆሮ መሆኑን ነው። ድንጋዩ በተለይ ፈጣኑን የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ያዳክመዋል፤ የ2.4ቱ ፍጥነቱ ቢያንስም የተሻለ ይዘልቃል፤ ቆርቆሮው ግን ሁለቱንም መልሶ ይወረውራቸዋል። ይህን ሳላስብ አንዱን መሣሪያ ማድ ቤት ሰካሁትና ቀይ መብራቱን እያየሁ አመሸሁ። ሞገድ በሌለበት የተተከለ መሣሪያ የሚያቀብለው ነገር የለውም፤ ቦታው ሞገዱ ገና ሳይደክም የሚደርስበት ነው።

በረንዳው መስኮት ላይ ሳስቀምጠው ጓሮው ዳነ፣ ማድ ቤቱ ግን አልዳነም። በመጨረሻ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን፣ «ጋሼ፣ ከቆርቆሮ ጋር ምን ያታግልዎታል፣ ገመድ እንሳብ» አለኝ። 30 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝተን በፕላስቲክ ቱቦ አሳለፍነው፤ ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ስለሚሠራ ርቀቱ አላሳሰበንም። መሣሪያው በአንድ ሞገድ እየተቀበለ በዚያው ሲያቀብል ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይወርድ ነበርና፣ በገመዱ ያም ቀረልን። ወንድሜ ኢንተርኔቱ ራሱ የሚፈጥን መስሎት ነበር፤ ሜሽ ግን የመጣውን ያዳርሳል እንጂ አይጨምርም።

በማግስቱ የሳሎኑን መሣሪያ በዳንቴል ተሸፍኖ አገኘሁት። ዳንቴል ሞገድ ባያግድም ሙቀት ያፍናል ብዬ እናቴን ባስረዳት፣ «አብሽር ልጄ፣ ከሥሩ አነጥፈዋለሁ» አለችኝ። ማታ ማታ መንቀሏን ለማስተው ግን ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ እሑድ ስልኩን ይዛ ማድ ቤት ገባች፤ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋው ቶናውን ቀዳችና ስኒውን ወደ እኔ ዘርግታ «ጀባ!» አለች። ወዲያው ምስሉ ሲነጣብኝ እንደ ለመድኩት ተቋረጠ ብዬ ልዘጋ ነበር፤ የዕጣኑ ጭስ ነው።