ዱባ ወጥ ውሃ እንዳይሆን

ዱባ ወጥን ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው ውሃ ነው። ዱባው ራሱ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ድስት ገብቶ ሙቀት ሲያገኝ ይለቀዋል። ይህን ረስቶ እንደ ድንች ወጥ ውሃ የሚያፈስበት ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ከላይ ቀይ ውሃ፣ ከታች የፈረሰ ዱባ ነው። እኔ አሠራሬን ከዱባው ምርጫ እስከ ጨው መጨመሪያው ሰዓት ድረስ ያስተካከልኩት ይህችን አንድ ነገር ይዤ ነው።

የክረምቱ ዝናብ ያሳደገው ዱባ ከመስከረም ጀምሮ በብዛት ገበያ ይወጣል። በዚያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ገና አልተቋረጠም፤ ብርዱም አለ፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ቤት ተቀምጦ ቀስ ብሎ ቁሌት ለማብሰል ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም።

ገበያ ላይ ትልቅነቱን ትቼ ክብደቱን አያለሁ። እኩል የሚመስሉ ሁለት ዱባዎች በሁለት እጅ አንስቼ የከበደኝን እወስዳለሁ። ጭራው ደርቆ እንጨት የመሰለ፣ ቅርፊቱ በጥፍር ሲጫኑት የማይበሳ መሆን አለበት። ተቆርጦ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ሥጋው ደማቅና ጥቅጥቅ ያለ፣ ፍሬው ዙሪያ ያለው ክር የማያሟልጭ ይሁን። ሳይበስል የተቀጠፈ ዱባ ውስጡ ነጣ ይላል፤ ጣፋጭነት የለውም። ዱባ ወጥ ደግሞ የሚጥመው ያ ጣፋጭነት የበርበሬውን ቁጣ ስለሚያበርደው ነው፤ ስኳር ጨምሮ መተካት አይቻልም። ሙሉውን ደረቅና ነፋሻ ቦታ ካስቀመጡት ለወራት ይቆያል፤ ጭራው የተነቀለ ግን በዚያው በኩል መበስበስ ስለሚጀምር ቶሎ ይሠራ።

ሙሉ ዱባ በቢላ መላጥ አደገኛ ነው፤ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ታች አድርጌ እንደ ሐብሐብ ሸንሽኜ ከዚያ እልጠዋለሁ። ክሩን በማንኪያ ፍቄ አወጣለሁ፤ ፍሬውን አልጥልም። ቁራጩ በየጎኑ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ትናንሹ ሳይታወቅ ይፈርሳል፤ ትልልቁ ደግሞ ዳሩ ሲሟሽሽ መሐሉ ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

ለአራት ወይም ለአምስት ሰው የምጠቀምበት መጠን ይህ ነው፦ የተላጠና የተከተፈ ዱባ 1 ኪሎ፣ ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት 400 ግራም፣ ዘይት 100 ሚሊ ሊትር፣ በርበሬ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ተኩል፣ ነጭ ሽንኩርት ስድስት ፍሬ፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል፣ መከለሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ሁለት ቃሪያ።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ 15 ደቂቃ ያህል አቁላላለሁ፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ውሃው አልቆ ሽንኩርቱ ሲልምና ቀለሙ ሲቀየር ዘይቱን፣ አምስት ደቂቃ ቆይቼ የተፈጨውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እጨምራለሁ። ከዚያ በርበሬው ይገባል፤ ግማሽ ሲኒ ሙቅ ውሃ አብሮት። ደረቅ በርበሬ የጋለ ዘይት ላይ ብቻውን ከወደቀ ወዲያው ይጠቁራል፤ ይመርራል። ያረረ በርበሬን ምንም አያድነውም፤ ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

አሁን እሳቱን ቀንሶ 20 ደቂቃ መታገስ ነው፤ ውሃው ሲመጥ ግማሽ ሲኒ ግማሽ ሲኒ እየጨመሩ። ሰዓት ከማየት ድስቱን ማየት ይሻላል። መጀመሪያ ላይ በርበሬው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሽታው ያስነጥሳል። እየቆየ ሲሄድ ይጠቋቁራል፤ ትልልቅ አረፋ እያወጣ ፈንጠር ፈንጠር ይላል፤ ከዳር ዳር ቀይ ዘይት ይወጣል። ማማሰያውን በድስቱ መሐል ሲስቡት የሄደበት መንገድ ቶሎ ካልተዘጋና ዘይት ወደ መንገዱ ከወረደ ቁሌቱ ደርሷል። ዘይት ሳይወጣ ዱባ የሚጨምር ሰው ጥሬ የበርበሬ ጣዕም እስከ መጨረሻው አብሮት ይቆያል፤ ዱባው ውሃውን ሲለቅ መቁላላቱ ቆሞ መቀቀል ይሆናልና።

ዱባውን ጨምሬ ቁሌቱ እንዲይዘው አንድ ጊዜ ብቻ አገላብጣለሁ፤ ከድኜ በዝግታ እሳት ላይ 10 ደቂቃ እተወዋለሁ። ውሃ አልጨምርም። ስከፍተው የራሱ ውሃ ወጥቶ ይጠብቀኛል። ጨው የምጨምረው ያኔ ነው፤ ከመጀመሪያው ከገባ ውሃውን ፈጥኖ ስቦ ያወጣዋል፤ ዱባው ገና ሳይበስል ድስቱ ይጥለቀለቃል። ከዚያ ክዳኑን አንስቼ ሌላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንተከተካል። በማማሰያ አላማስልም፤ ድስቱን በጆሮው ይዤ ወዝወዝ አደርገዋለሁ። ሹካ በቀላሉ ሲገባና ቁራጩ ሲነሳ ለሁለት ካልተሰነጠቀ ድስቱ ከእሳት ይውጣ፤ በድስቱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። መከለሻውንና ቃሪያውን ጨምሬ ከድኜ 10 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ፤ መረቁ በዚህ ጊዜ ይወፍራል።

ይህም ሆኖ ውሃ የሚበዛበት ዱባ ያጋጥማል። ውሃው እስኪመጥ ብሎ ከነዱባው ማፍላት ፍርስርሱን ያወጣዋል። ዱባውን ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥቶ፣ መረቁን ብቻውን አፍልቶ አወፍሮ፣ ዱባውን መመለስ ነው።

አልጫውም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ በርበሬው ቀርቶ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ሽንኩርቱም ወደ 250 ግራም ዝቅ ብሎ።

የጻፍኳቸው የማብሰያ ደቂቃዎች የአዲስ አበባ ናቸው። እዚህ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዝቅ ባለ ቦታ ውሃ ይበልጥ ሞቆ ስለሚፈላ ዱባው ቶሎ ይበስላል፤ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ዱባውን ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ቀድማችሁ ተመልከቱት። አሜሪካ በመጸው ለሃሎዊን የሚቦረቦረው ትልቁ ዱባ ክር የበዛበትና ውሃማ ስለሆነ ለወጥ አይሆንም፤ በተርነት ስኳሽ የሚባለው የዱባ ዓይነት ይሻላል። ካቦቻ የሚባለው ደግሞ ደረቅ ነው፤ ለእሱ ብቻ አንድ ሲኒ ውሃ አይከፋም።

ፍሬው ለቡና ሰዓት ነው። ከክሩ ለይቼ አጥቤ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጌ 10 ደቂቃ እቀቅለዋለሁ፤ ጨው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው እንዲህ ነው። ጨርቅ ላይ ዘርግቼ ላዩ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፤ በዝናብ ሰሞን ይህ እስከ ማግስቱ ሊወስድ ይችላል። እርጥቡን ከቆሉት ልጣጩ ቆዳ ይሆናል። ምጣዱን በዝግታ እሳት አግዬ ያለማቋረጥ እያማሰልኩ እቆላለሁ፤ መንጣጣት ሲጀምርና አንዱ ሲሰበር ውስጡ ወርቃማ ሲሆን አወርደዋለሁ።

ከሰል ላይ ለምትሠሩ አንድ አደራ አለኝ። ዝናቡና ብርዱ በር አዘግቶ ከሰሉን ወደ ውስጥ ያስገባል። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላም ይወጣል፤ ይገድላል። ምድጃው በረንዳ ወይም ዳስ ሥር ይሁን፤ ለሙቀት ብላችሁም ፍሙን መኝታ ቤት አታሳድሩት።

በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ ሰው ደግሞ በዝናብ መብራት ሲጠፋ ቁሌቱ መሐል ላይ ይቀርበታል። ለዚህ ብዬ መብራት ባለበት ቀን የሁለት ወይም የሦስት ወጥ ቁሌት በአንዴ ሠርቼ፣ አቀዝቅዤ በክዳን ዕቃ እከፋፍላለሁ፤ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ፍሪዘር ውስጥ ከዚያ በላይ ይቆያል። የተሠራውን ዱባ ወጥ ግን ፍሪዘር አላስገባም፤ በረዶው ሲቀልጥ ዱባው ውሃውን ሁሉ ይለቃል። የተረፈውን ፍሪጅ አሳድሬ በማግስቱ በዝግታ እሳት፣ ከድኜ፣ ውሃ ሳልጨምር አሞቀዋለሁ።